የጃፓኖቹ ማዕድ

አራጌ እጁን ለሦስተኛ ጊዜ በሳሙና እያሸ ነው። ከበርሜሉ ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጠርቷል፤ እሱን ግን አሁንም አፈር አፈር ይሸተዋል። የክሊኒኩ ድሬሰር ማንያህልሻል ከሕክምናው ድንኳን በር ላይ ሆና ትጣራለች።

«ጋሽ አራጌ፣ ይበቃል እንጂ! እርስዎን ነው የሚጠብቁት።»

«እኔን ተይኝ ልጄ። ከኔ ጋር ማን ይበላል?»

በቆቦው መጠለያ ከጥቅምት ጀምሮ የሞተውን ሁሉ የቀበረው እሱ ነው። ክርስቲያኑን ብቻውን፣ እስላሙን ከሌላው ቀባሪ ከዓሊ ጋር ሆኖ። ሰው ያከብረዋል፤ ሲመጣ ግን መንገድ ይለቅለታል፣ ልጁን ወደ ጉያው ይስባል።

«ሲስተር ሳቺኮ እሱ ካልመጣ አልጀምርም ብላለች» ትለዋለች ማንያህልሻል። ክንዱን ይዛ ታስገባዋለች።

የበሽተኞቹ አልጋዎች ተነስተው ምንጣፍ ተነጥፏል። ሦስቱ ጃፓናውያን ነርሶች ነጭ ጋውናቸውን አውልቀው እጅጌው የሰፋ ባለአበባ ልብስ ለብሰዋል፤ ወገባቸውን በሰፊ መቀነት ጠፍረዋል። ትሪው ላይ በእጅ የተድቦለቦለ ሩዝ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ በጥቁር ቅጠል ተጠቅልሏል። አሮጊቷ ማሚቴ አንዱን አንስታ ታገላብጠዋለች።

«ይኸ ጥቁሩ ቆዳ ነው?»

«የባሕር ቅጠል ነው እማማ፣ ይበላል» ትላታለች ማንያህልሻል።

«ፍልሰታ ነው እኮ።»

«ሩዝና ጨው ብቻ ነው። ሰዓቱም ዘጠኝ አልፏል።»

ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት የመጠለያው ሰዎች ጥቂቶቹ ይስቃሉ። እዚህ ድንኳን ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ቆይቷል።

ከነርሶቹ አንዷ ሳቺኮ ተንበርክካ ነጭ ጨርቅ ትዘረጋለች። ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ማንያህልሻል ታስተረጉማለች።

«በአገራችን በዚህ ወር፣ የሞቱብን ሰዎች ለሦስት ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ እንላለን። ዘመድ ተሰብስቦ ይቀበላቸዋል። ቀድመው የሚቀምሱት እነሱ ናቸው። ዘንድሮ እናቴን የምቀበልበት ቤት ሩቅ ነው። እናንተም ከየቤታችሁ ወጥታችኋል። እዚሁ እንቀበላቸው።»

አንድ ድቡልቡል ሩዝ አንስታ ጨርቁ ላይ ታስቀምጣለች። «ፉሚ» ትላለች፤ የእናቷ ስም ነው።

መጀመሪያ ማሚቴ ጉልበቷን ተደግፋ ትነሳለች። «ውቤ ልጄ» ብላ የያዘችውን ታስቀምጣለች። ከዚያ ሌላው ይነሳል፤ ከዚያም ሌላው። ጨርቁ ይሞላል።

ራቢዓ ስትነሳ አራጌ አንገቱን ይደፋል። ከሮቢት በላይ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። ሰኔ ላይ እሷ በተስቦ ራሷን ስታ በተኛችበት ልጇ ሞተ፤ ስትነቃ «ተቀብሯል» ብቻ አሏት። ከዚያ ወዲህ አራጌ ከሩቅ ካያት መንገድ ይቀይራል።

ሩዙን በሁለት እጇ እንደያዘች «ኑሩ» ትላለች። አታስቀምጠውም። ወደ አራጌ ትዞራለች።

«አያ አራጌ፣ ነገ ጠዋት የሰፈራው መኪና ይጭነኛል። ወዴት እንደሚወስዱኝ እንኳ አላውቅም። ልጄን የት አደረግከው?»

ማንያህልሻል ማስተርጎሟን ታቆማለች።

«ከግራሩ በታች ነው።»

«ብቻውን ነው?»

ሁለት ወር ሙሉ የሸሸው ይህንን ጥያቄ ነው።

«ብቻውን አይደለም። ያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ዓሊም ታሞ ወድቆ ነበር። ጉልበቴ አለቀ፤ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ልጅ አደረግሁ። ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ ማተብ ነበራት። ለልጅሽ የሰገደለት የለም። እኔ አላውቅበትም። ዓሊ ሲያደርግ እንዳየሁት በቀኝ ጎኑ አስተኝቼ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቂብላ አዞርኩለት። እሷን በጀርባዋ አጋደምኳት። መግነዣ አልነበረም፤ ጋቢዬን ለሁለት ቀድጄ ገነዝኳቸው። ይቅር በይኝ።»

የራቢዓ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ «ኢንና ሊላሂ…» ሰው ሁሉ ጩኸቷን ይጠብቃል። አትጮህም።

«የልጅቱ ስም ማነው?»

«አላውቅም። አምጥቶ የሰጠኝ ዘመድ አልነበራትም።»

ራቢዓ ሩዙን ጨርቁ ላይ ታስቀምጣለች። ከትሪው ሌላ ታነሳና ከጎኑ አስጠግታ ታኖራለች። ሻሿን ታስተካክላለች።

«ተነስ፣ አሳየኝ።»

የተባለውን ለሳቺኮ ያስተረጎመላት የለም። ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ ጎንበስ ብላ ታሳልፋቸዋለች።

ዝናቡ አባርቷል። የሆርማት ወንዝ ሞልቶ ይጮኻል፤ ማሽላው ከጉልበት በላይ ደርሷል። አራጌ ከፊት፣ ራቢዓ ከኋላ ሆነው ጭቃውን እየዘለሉ ይሄዳሉ። አይነጋገሩም። ግራሩ ጋ ሲደርሱ አራጌ ሣር የወረሰውን አፈር በጣቱ ያሳያትና ብቻዋን ሊተዋት ይመለሳል።

«አትሂድ» ትለዋለች። «ለሷስ ማን አለላት?»

ፊቷን ወደ ሰሜን አዙራ መዳፏን ትዘረጋለች። አራጌ ባርኔጣውን አውልቆ በሌላው ጎን ይቆማል፤ አማትቦ፣ እየተደነቃቀፈ፣ «አባታችን ሆይ» ማለት ይጀምራል። ይህን ሁሉ ወር ከቀበረ በኋላ ለመጸለይ ሲቆም ገና ዛሬ ነው።

ራቢዓ ቀድማ ትጨርሳለች። እሱ እስኪጨርስ ግን መዳፏን አታጥፍም።