ከማዶ የምትመጣው

«አባባ፣ የዓይን ሞራውን ከማውጣታችን በፊት የዓይንዎን የፊት ሽፋን መጣመም በሌዘር እናቃናዋለን። ከእንግዲህ ከመንገድ ማዶ የሚመጣን ሰው በመልኩ ይለያሉ» አለቻቸው ሐኪሟ።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የአንሶላውን ጫፍ ጨበጡ። «ቆይ እስቲ ልጄ፣ ትንሽ ታገሺኝ።»

ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሱቃቸው ደጃፍ ሲቀመጡ፣ ከማዶ ብቅ የምትል ሴት ሁሉ ሞራው በጋረደው ዓይናቸው ጭጋግ ውስጥ እሷን ትመስላቸው ነበር። አጠገባቸው ደርሳ ሌላ ሴት እስክትሆን ድረስ ልባቸው እየመታ ብድግ ብለው ይጠብቋት ነበር። ጎረቤቶችም «ሰውየው ለቀሚስ ሁሉ ይነሳሉ» እያሉ ይስቁባቸዋል።

«ፈሩ እንዴ?» አለች ሐኪሟ።

«ምን በወጣኝ! አንዲት ሴት ልሰናበት ብዬ ነው።»

«ውጭ ናቸው? ላስጠራልዎት?»

አንሶላውን ለቀቁት። «አይ፣ መንገድ ላይ ናት» አሉ። «በይ ጀምሪ።»