ማንሻው የማን ነው?

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለና የመድን ወኪሉ ዴሪክ እስክሪብቶውን ገፋ አደረገላት። «የተሰረቀው ቫን ከውሉ ይወጣል፣ ያዘዙት አዲሱ ይገባል። በቃ፣ አለቀ።»

ኖርማ ካዝማሬክ እስክሪብቶውን አልነካችውም። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ነው የተቀመጠችው።

«ምኑ ነው ያለቀው?»

በካናዳዋ ከተማ በሃሚልተን ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች። ቫኗን ከደጃፏ የወሰዱት ከስድስት ሳምንት በፊት ነበር። ካሳው ትናንት ገባላት፤ ግን ለመኪናው ብቻ። ባሏን ስታንን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ከመሬት አንስቶ ወደ ውስጥ ለሚያስገባው ማንሻ ምንም አልተከፈለም። የኩባንያው ደብዳቤ «ውሉ ላይ ያልተመዘገበ ዕቃ» ይላል።

ስታን ብረት ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ጉልበታም ሰው ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ የሚጠብቃት አንዲት ቀን ናት፤ ማክሰኞ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲያስገቡት ግራ እግሩ ይንቀሳቀስለታል። ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ስታለብሰው «ማክሰኞ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። «አይደለም» ብላ ዋሸችው።

«ወይዘሮ ኖርማ፣ እኔ እኮ ወኪል ነኝ» አለ ዴሪክ። «የሚወስነው ኩባንያው ነው። ማንሻ መኖሩን ደግሞ ምናልባት ሳይነግሩን ቀርተው…»

«ሳልነግርህ?» ኖርማ ስትጮህ ማዶ የተቀመጠችው ጸሐፊ መተየቧን አቆመች። «ስማ አንተ! በተገጠመ በማግስቱ እዚህ ደጅ ድረስ ይዤልህ አልመጣሁም? ‹እስቲ እኔንም አንሡኝ› ብለህ ላዩ ላይ ወጥተህ፣ እንደ ንጉሥ እጅህን እያውለበለብክ፣ ስታን አይደለም ወይ ቁልፉን የተጫነልህ? ‹አሁኑኑ እመዘግበዋለሁ› አላልከኝም?»

ዴሪክ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ጸሐፊዋን በጎን አያትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነግረውኛል። አስታውሳለሁ። ስገባ ስልክ ጠበቀኝ መሰለኝ፣ በዚያው ረሳሁት። ግን ይህን ለኩባንያው ብናገር የሥራ ፈቃዴ…»

«ፈቃድህ!»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቡና ስኒ አንስታ ግድግዳው ላይ ልትከሰክሰው ፈለገች። እጇን አላመነችውምና ጭኖቿ መሃል ወተፈችው። የዴሪክ አባት በዚሁ ወንበር ላይ ወኪል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አንድም ክፍያ አሳልፋ አታውቅም። አባትየው ቢሆን ይህን ነገር ሦስቴ ጽፎ ሁለቴ ያነብላት ነበር።

ዴሪክ ሊያበርዳት ፈልጎ ፈገግ አለ። «አንድ ደስ የሚል ወሬ ልንገርዎት። ቫኑ ተገኝቷል። ቶሮንቶ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ቆሞ። አንድ ጎኑ ተጫረ እንጂ ደህና ነው አሉ።»

«የት ነው ያለው?»

«ኩባንያው ግቢ። ካሳ ስለተከፈለበት አሁን የእነሱ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሐራጅ ይሸጣል።»

«ማንሻውስ?»

«እሱም… አብሮ።»

ኖርማ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ከዚያ ጮኻ አይደለም የተናገረችው።

«ማንሻውን ከፍላችሁኛል?»

«አይ፣ እሱ እንኳ…»

«ያልከፈላችሁበትን ዕቃ በምን ሒሳብ ነው የምትሸጡት? የመኪናው አካል ነው ካላችሁ ክፈሉኝ። አይደለም ካላችሁ የእኔ ነው፤ ነቅላችሁ አምጡልኝ። ሌባው አንዴ ወሰደብኝ። እናንተ ደግማችሁ ልትወስዱብኝ ነው። ከሌባው የምትለዩት፣ እሱ ፈርሚልኝ ባለማለቱ ብቻ ነው።»

ጸሐፊዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ዴሪክ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ስልኩን አነሣ። የቫኑን ቁጥር ነገረ፣ ጠበቀ፣ ለሌላ ሰው አስተላለፉት፣ እንደገና ጠበቀ። በመጨረሻ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳይነቅል፣

«ደንበኛዋ ነግራኝ ነበር» አለ። «ሳልመዘግበው የቀረሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ በጽሑፍ እልክላችኋለሁ።»

ስልኩን ሲያስቀምጥ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «አርብ ነቅለው ያስረክባሉ። አዲሱ ላይ ማስገጠሚያውን እኔ እችላለሁ።»

አላመሰገነችውም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስታን መስኮት ሥር ተቀምጦ የጎረቤት መኪና ሲወጣና ሲገባ ማየቱ በአንድ ስልክ የሚካስ አልነበረም።

«አሁን ጻፍ» አለችው።

ጠረጴዛውን ዞራ ከጀርባው ቆመች። ማንሻውን፣ የሠራውን ድርጅት ስም፣ ቁጥሩን፣ አንድ በአንድ እየነገረችው በስክሪኑ ላይ እያንዳንዱን ፊደል ተከታተለች። አንድ ቁጥር ሲዘል በጣቷ ስክሪኑን መታ አደረገችበት። አረመው። በወረቀት አሳተመችው፣ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ፈረመች።

የራሷን ቅጂ ለማጠፍ ሞከረች። ጠርዙ አልገጥም ሲላት መልሳ ዘረጋችው። ጸሐፊዋ ፖስታ ይዛ ብድግ ስትል «ተይው» አለቻትና በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። ውጭ በረዶ ይጥል ነበር። ወረቀቱን እንደተዘረጋ ካፖርቷ ውስጥ አስገብታ፣ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛው፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በቀስታ ተራመደች።