አሥራ ሁለተኛው ሙከራ

ሀብታሙ መርሳ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለ ቢሮ፣ ከነመጠቀሚያ ፈቃዱ በተገዛ፣ ዩኒክስ በተባለ ሥርዓት በሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ በአማርኛ ለሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ አስተርጓሚ ሶፍትዌር ይሠራል። መሞከሪያ ያደረገው የአገሩን ሰላምታ ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል ጥያቄና የሚጠበቀውን መልስ ይዟል። የጻፈው አሥራ አንድ ፋይል ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒውተሩ «አሥራ ሁለቱም ትክክል» አለው።

አጠገቡ የተቀመጠችውን ባልደረባውን በጎሪጥ አያት። «ናርዶስ፣ ፋይሌን ነክተሻል?»

«ምን በወጣኝ፤ የይለፍ ቃልህን መች አውቄ» አለች ዞር ሳትል።

አላመናትም። አሥራ ሁለተኛውን ፋይል ከፈተው። የተጻፈው ባለፈው ሳምንት ነው፤ አሁን የጠየቃትና የመለሰችለት ቃል በቃል ሰፍሯል። ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ታዲያ ማን ነው?»

ሀብታሙ ጥያቄው እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ከደነ።

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ከጀርባው የራሱ ድምፅ።