የተቀባው ምስክር

«ግድግዳ ጆሮ አለው» የሚለው ተረት እውነት ከሆነ ወዲህ፣ ፍርድ ቤት የሚያምነው ግድግዳን ብቻ ነው፤ ቀለም ከተቀባ ግን ግድግዳም የሰማውን ይረሳል። የእማማ አስካለ ጎረቤት መኩሪያ፣ የልጅ ልጃቸው ክፍል ያረፈበትን መሬት «ለቅቄያለሁ» ያለበትን የራሱን ሳሎን ለፋሲካ ቀባው። አሁን «መሬቴን» ብሎ ከሷል። ልጅቷ የት ልትወድቅ ነው?

«ሲቀባ አይተዋል፤ ያኔውኑ ለምን አላመለከቱም?» አሉ ዳኛዋ።

«በዓመት በዓል ጎረቤት ይከሰሳል? ነውር አይደለም እንዴ፣ ልጄ!»

«ዝም ካሉማ እንደ ፈቀዱ ይቆጠራል።»

«ምን ፈቅጄ! አንጀቴ እያረረ!»

ዳኛዋ ከእማማ ቤት የመጣውን ድምፅ ከፈቱት። የገዛ ግድግዳቸው በመስኮት የተጣሩትን አንድም ሳያስቀር ይዞታል፦ «እሰይ መኩሪያ! ሳሎንህ እንዴት አምሮበታል፣ እጅህ ይባረክ!»