የድንኳን አከራዩ ሽምግልና

ፍሬገነት ባሏን ናሆምን ጥላ ልትሄድ ሻንጣዋን ስትሸክፍ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። ዘመድ እንዳይመስላችሁ! የሠርጋቸው ድንኳን አከራይ፣ ቪዲዮ ቀራጭና ኬክ ጋጋሪ ናቸው። በዚህ ዘመን የሚከፈል ሁሉ በዲጂታል አደራ ይቀመጣል። ከፋዩ ስልኩ ላይ “ረክቻለሁ” የሚለውን ካልነካ ባለሙያው እጅ አይገባም፤ ትዳሩ ከፈረሰማ የሠርጉ ወጪ በሙሉ ለከፋዩ ይመለሳል።

“ልጄ፣ ትዳር መቻቻል ነው” አሉ ድንኳን አከራዩ ጋሽ ጥጋቡ። “ለእናንተ ፍቅር እኮ ስለት ተስያለሁ!”

“ኬኩም ተበልቷል” አለች ጋጋሪዋ።

ፍሬገነት ሳቋ መጣ። ወላጆቿ እንኳ እንዲህ አልለመኗትም። “እሺ፣ ለእናንተ ስል ታርቄያለሁ” አለችና ስልኳ ላይ “ረክቻለሁ”ን ነክታ እሷ የከፈለችውን የሦስቱንም ክፍያ ለቀቀችላቸው። ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን ሳይጨርሱ ወጡ።

ከዚያ ስልኩን ይዞ ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው ናሆም ዞረች።

“አንተስ፣ ለጥሎሽ የገዛህልኝን የዚህን ሐብል ክፍያ ለቀቅኸው?”

ናሆም ስልኩን ኪሱ ከተተ። “ምን ያስቸኩላል? ከተጋባን ገና ዓመታችን እኮ ነው።”

ፍሬገነት ሐብሉን ከአንገቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

“እንካ፣ ሳይበላሽ ለሻጩ መልሰው” አለችና ሻንጣዋን አነሳች።