ሳያየኝ አለፈ

ልጅቷ ማህደሯን ከፍታ አራቱን ድርሰቶች ዴስኩ ላይ ደረደረቻቸው። የኮሌጁ የጽሑፍ ኮርስ ዛሬ ያበቃል። የመጨረሻው ሥራ ላየው ሰው ቀላል ነው፤ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡና ጽሑፋችሁ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በአንድ ገጽ ግለጹ፣ አለቀ። የክፍል ጓደኞቿ አቀርቅረው ይሞነጫጭራሉ። እሷ ጥቁር ለብሳለች፤ አባቷ ከተቀበረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

መምህሩ ጠዋት በር ላይ ጠብቀው፣ ይህን ሥራ ብትተወውም ነጥቧ እንደማይጎድል ነግረዋት ነበር። አይ፣ እሠራለሁ አለቻቸው። ቤት ብትሄድስ ምን ልታደርግ? ቤቱ እንደሆነ ጭር ብሏል።

የመጀመሪያው ድርሰቷ ስለ ውሃ ጥቅም ነው። እንዲያው ምን ያላለችው አለ! ውሃ ሕይወት ነው፣ ያለ ውሃ ልማት የለም፣ ስለዚህ ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ምናምን። ተማሪዎቹ ከጀርባቸው «ቀዩ እስክሪብቶ» የሚሏቸው መምህር ከግርጌው አንድ መስመር ብቻ ጻፉበት፦ «ይህን ማንም ይጽፈዋል። አንቺ የታለሽ?» ያን ቀን እልህ ይዟት አለቀሰች። በሁለተኛውና በሦስተኛው ድርሰት ግን ትልልቆቹ ቃላት እየረገፉ፣ እሷ እየታየች መጣች። ለአራተኛው መምህሩ የምታፍሩበትን ነገር ጻፉ አሉ። እሷም ስለ አባቷ ጻፈች።

አባቷ የዚሁ ኮሌጅ አናጢ ነበር። የተሰበረ ወንበርም ሆነ የተወላገደ በር የሚጠገነው በእሱ እጅ ነው። ዝምታው ለጉድ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ከአባቴ ይልቅ መዶሻው ይናገራል ብላ ጻፈች። ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ከአዳዲስ ጓደኞቿ ጋር ቆማ ስትስቅ፣ እሱ መጋዙንና ሚስማሩን በሣጥን ተሸክሞ ብቅ ሲል ፊቷን ወደ ግድግዳው ማዞሯንም አልደበቀችም። ድርሰቷን የዘጋችው «ሳያየኝ አለፈ፤ እኔም እፎይ አልኩ» ብላ ነው።

ሙሉ ነጥብ አገኘች። መምህሩ ቅጂውን ኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው ወይ ሲሏት፣ ምን ደስታ አሳውሯት እንደሆነ እንጃ፣ እሺ አለች። አባቷ ወደዚያ ሕንፃ ብዙ አይመጣም ብላ ራሷን አሞኘች። ከዚያ በኋላ ራት ላይ ፊቱን ታጠናለች። አንብቦት ይሆን? ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ እንደ ወትሮው ደህና እደሪ ብሎ ይነሳል። ልጠይቀው፣ አልጠይቀው ስትል ሁለት ወር ሄደ። አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳለ ደም ግፊት ጣለው፤ በዚያው ሳይነሳ ቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንጀቷን የሚበላው ይኸው ጥያቄ ነው።

አራተኛውን ድርሰት ይዛ ተነሳች። መምህሩ ጠረጴዛ አጠገብ ጎንበስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ቀንሳ ጠየቀች።

«ቲቸር፣ አባቴ ይህን አንብቦታል?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። አላነበቡም ቢሏት እንዴት በገላገሏት፤ ግን መዋሸት አይችሉበትም። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷ የኮሪደሩን መስኮት ሊጠግኑ መጥተው ሰሌዳው ፊት መቆማቸውን ነገሯት። በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት መስመር ሳይዘሉ አነበቡት። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ወደ መምህሩ ቢሮ ገቡና፣ ይህ ጽሑፍ ጥሩ የሚባል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ዘንድሮ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል አሏቸው መምህሩ። በማግስቱ አባቷ የሰው እጅ እንዳያቆሽሸው ብለው መስታወት አልብሰውት ሄዱ።

ልጅቷ መስታወቱን አይታዋለች። ኮሌጁ ያሠራው መስሏት ነበር።

«ሌላ ምን አለ?»

«እንዳልነግርሽ ለምነውኛል።»

«ይንገሩኝ።»

መምህሩ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለው የመጨረሻው መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «‹እዚህች ጋ ብቻ ተሳስታለች› አሉኝ። ‹አይቻታለሁ። ከጓደኞቿ ጋር ስለነበረች እንዳላየኋት ሆኜ አለፍኩ። ግን አይንገሯት፤ ጽሑፉ ይበላሽባታል።›»

ያን ቀን የተደበቀችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር፤ ለካ እሱም ለእሷ ሲል ተደብቆላታል። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ድርሰቷን ማስተካከል ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ነጥቡ ተመዝግቧል፣ ከእንግዲህ ምንም አይለወጥም አሏት መምህሩ በርኅራኄ።

«ለነጥቡ አይደለም» አለች።

ቦታዋ ተመልሳ የመጨረሻውን መስመር ሰረዘች። በምትኩ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አስጠጋች፣ አነሳች፣ ደግሞ አስጠጋች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወረቀታቸውን እያስረከቡ ወጡ። እሷ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ፣ ከስርዙ በታች ያለውን ባዶ ቦታ እያየች ተቀመጠች።