እስኪበርድ

ገብረመንፈስቅዱስ በበርሜሉ ጎን ላይ እንትፍ አለበት። ምራቁ ቸስ ብሎ ደረቀ። ገና ነው።

ከጓሮው ጥግ፣ ከጉረኖው ውስጥ፣ በጓ ታቃስታለች። እኅቱ ወለተ ጊዮርጊስ ከአጠገቧ ተንበርክካ፣ ቀና ሳትል፣ በርሜሉ በርዶ እንደሆነ ጠየቀችው። ካረፈደ ወዲህ ስትጠይቀው ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው።

«አልበረደም፣ እትዬ።»

ነሐሴ 1958 ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ዝናቡ መቆሚያ አጥቷል። ወለተ ጊዮርጊስ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው የበጎቿን ጠጉር እየፈተለች በና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ በማሠራት ነው፤ ዘንድሮ ግን ከሰኔ ጀምሮ ስድስት ግልገል ሞተውባታል። አሟሟታቸው አንድ ዓይነት ነው። ደህና ይወለዳሉ፣ ይጠባሉ፣ በሦስተኛው ቀን እትብታቸው አብጦ ይመግላል፣ ከዚያ አንገታቸውን ይጥላሉ። ለሌላ ጉዳይ በሰፈሩ ያለፈ የከብት ሐኪም ጉረኖውን አይቶ፣ በሽታው ከመኝታቸው ነው፣ ደረቅና ንጹሕ ነገር አንጥፉላቸው ብሎ ሄደ። በነሐሴ ደረቅ ነገር ከየት እንደሚገኝ ግን አልነገራቸውም። ጭዱ ባደረ ማግሥት ይሸታል። ገብረመንፈስቅዱስ እንጨት ሲልግ የሚተርፈው ፍቅፋቂም ቢሆን ሳምንት ሳይሞላው ይሻግታል።

መላውን የሰጠው የአጥር ቋሚ ነው። መሬት የሚገባው እግሩ በእሳት የተለበለበ ቋሚ እንደማይበሰብስ አናጢ ሁሉ ያውቃል። ፍቅፋቂውስ ቢለበለብ? ቋሚ ግን ወፍራም ነው፤ ፍቅፋቂ እሳት ካየ ይነዳል። ስለዚህ በርሜል ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ክዳኑን በጭቃ መርጎ፣ ከሥሩ አነደደበት። መጀመሪያ አመድ አወጣ። በሁለተኛው እሳቱን ቶሎ አነሣና ጥሬውን አገኘው። ሦስተኛውን በጣሳ ሞከረው፤ ቆሎ የመሰለ፣ ቡናማ ፍቅፋቂ ወጣለት። ያንን ከጥሬው ጎን እርጥብ ፍግ ውስጥ ቀበረው። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሲያወጣቸው ጥሬው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፤ የተጠበሰው እንደገባ ወጣ። በመዳፉ ይዞ እየሮጠ ለእኅቱ ወሰደላት። አሸተተችውና፣ ይህ ለአንዲት በግ እንኳ አይበቃም አለችው።

ዛሬ ሙሉ በርሜል ያሰናዳው ለዚህ ነው፤ ሳምንት ሙሉ ያጠራቀመውን ፍቅፋቂ። ጎህ ሲቀድ አቀጣጠለው። ጭሱ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያም ቢጫ ሆነ። ቢጫው ሲሳሳ እሳቱን ከሥሩ ጎትቶ አወጣና የጭስ መውጫዋን ቀዳዳ በጭቃ ደፈናት። ከዚህ በኋላ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። በርሜሉ መዳፍ እስኪያሳርፍ ድረስ ክዳኑ አይነካም፤ ፍቅፋቂው ትኩስ ሳለ አየር ካገኘው ነድዶ ያልቃል።

በጓ ግን አልጠበቀችም። ዐሥር ቀን ይቀራታል ሲሏት ጠዋት ምጥ ያዛት። ለእኅቱ የቀረችላት እርጉዝ በግ እሷ ብቻ ናት።

ወለተ ጊዮርጊስ የሽርት ውሃው መፍሰሱን ነገረችውና የሚነጠፍ ነገር ጠየቀች። ለአሁኑ ጭድ አንጥፊላት አላት። ስድስቱም የተኙት ጭድ ላይ መሆኑን አስታወሰችው። እስከ ማታ ብትታገሽ አላት፤ ግልገል እስከ ማታ በእናቱ ሆድ ታግሦ አያውቅም አለችው። ከዚያ ድምጿን ሳታነሣ፣

«ላንተ ሙከራ ነው፤ ለእኔ በግ ነው» አለችው።

የሚመልሰው ብዙ ነበረው። እጁ ሁለት ጊዜ መቃጠሉን፣ ሰፈርተኛው ሰጋቱራ ጠባሽ እያለ እንደሚስቅበት፣ ለማን ብሎ እንደሚለፋ። ግን ዞሮ በርሜሉ ላይ እንደገና ምራቁን ጣለ። አሁን ቀስ ብሎ የደረቀ መሰለው። ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ፈልጎ ነበር። የመጥረቢያውን ጀርባ አንሥቶ ጭቃውን ሰበረው።

ክዳኑ ሲነሣ ያየው ልክ የሚፈልገው ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል የጠቆረ ቡናማ፣ አንድም ጥሬ የሌለበት። ሽታው ጣፋጭ ነው። ወዲያው ከመሐሉ አንዲት ቀይ ነጥብ በራች። ነጥቧ ሰፋች። ክዳኑን መልሶ ደፋው፤ ያለ ጭቃ አልገጠመም። ጭቃ ዘግኖ ሲመለስ ነበልባሉ ክዳኑን አልፎ ወጥቷል።

በርሜሉን በእርግጫ መታው። እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጠ። በማን ይናደድ? እሷ ክፈት አላለችውም። የፊተኞቹ ሁሉ ሳያውቅ የጠፉ ናቸው፤ የዛሬውን እያወቀ አጠፋው።

ከኋላው ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ዞሮ ለማየት አልደፈረም። ግልገሉ ጭዱ ላይ ተኝቶ በሐሳቡ ታየው።

ወለተ ጊዮርጊስ ግልገሉን በቀሚሷ አቅፋ ከጉረኖው ወጣች፤ በጓ ከኋላዋ ትከተላለች። እሱ እንጨት ከሚልግበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ገብታ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠች። የሚነደውን በርሜል አየችው፣ ከዚያ እሱን። ቁጣዋን ጠበቀ።

«ሌላ ፍቅፋቂ አለህ?»

«የለኝም። ያልተላጉ የበር ሳንቃዎች አሉ።»

ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቀችው። ሊያሳጥርላት አልፈለገም። መላጉና መጥበሱ ዛሬን፣ መብረዱ እስከ ነገ ቀትር መሆኑን እቅጩን ነገራት።

ትንሽ አሰበች። እግሮቿን ዘረጋች፣ ግልገሉን ጭኗ ላይ አመቻቸች፣ እናቲቱን በጆሮዋ ስባ አስጠጋቻት።

«እንግዲህ ላግ» አለችው። «እስከዚያ መሬት አላስነካውም።»

መላጊያውን አነሣ። የመጀመሪያው ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ሲወድቅ፣ ግልገሉ ከወለተ ጊዮርጊስ ጭን ሳይወርድ የእናቱን ጡት አግኝቶ ነበር።